ሕልም ተፈርቶ

(ለአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በጋዜጣ ላይ በትንንሽ ሣጥን ተከፋፍሎ ስለሚወጣው ሥዕል፣ ኮሚክ ስለሚባለው ነው። ይህን የሕፃናት መጫወቻ አድርጎ የሚገምት አይጠፋም። ዳሩ ግን ታሪኩን ብንመረምር ትልልቆች ሰዎች ፍርሀታቸውን የተናገሩበት ቋንቋ ሆኖ እናገኘዋለን።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ኒው ዮርክ ከተማ በምድር ውስጥ የሚሄድ ባቡር ከፈተች። ፎቁ ወደ ሰማይ፣ ባቡሩ ወደ ጉድጓድ ሆነ። በዚያው ዓመት ዊንሰር ማኬይ የተባለ ሠዓሊ «ኢቭኒንግ ቴሌግራም» በተባለው ጋዜጣ አንድ ተከታታይ ሥዕል ጀመረ። ሰውየው ማታ በዳቦ ላይ የቀለጠ ዓይብ በልቶ ይተኛል፤ ከዚያም ይቃዣል። አንዱ መንገድ ሲያቋርጥ ሠረገላና መኪና ይበታትነዋል፤ ሌላው በሕይወቱ ሳለ ሲቀበር ይታየዋል። በመጨረሻው ሣጥን ባንኖ ይነቃና ዓይቡን ይረግማል። ይኸው ሠዓሊ በ1905 ኒሞ የተባለውን ሕፃን ፈጠረ። በ1908 በወጣው አንድ ሥዕል የኒሞ አልጋ እግሩ ረዝሞ በፎቆቹ ላይ እየተራመደ ሲሄድ ተደናቅፎ ይወድቃል፤ ልጁም ይነቃል።

ልብ በሉ፤ ጥፋተኛው ዓይቡ ሳይሆን ከተማው ነበር። አንባቢውም የገዛ ፍርሀቱን አይቶ ሳቀ።

ታሪክን በሣጥን መሣል ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ሠዓሊዎቻችን የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል ይሥሉታል። ነገር ግን ያ የጥንቱን ይነግረናል፤ የዛሬውን ጭንቀታችንንስ ማን ይሣለው?

የዘመኑ ኑሮ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝም ደርሷል። በጉባ የታላቁ ግድብ ሥራ በ2003 ዓ.ም ተጀምሮ በ2017 ዓ.ም ጳጉሜን ተመረቀ። እኛ ተማሪዎችም ከ2015 ዓ.ም ወዲህ የመውጫ ፈተና አለብን፤ ከፈተናው ወዲያ ደግሞ ሥራ ፍለጋ ይጠብቀናል። እኩለ ሌሊት የሚባንነው ስንቱ ነው! ግን አንዱ ለሌላው ስለማይናገር እያንዳንዱ ብቻውን የፈራ ይመስለዋል።

«ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይላል ያገራችን ሰው። እኔ ደግሞ፣ ያዩትን ሳይናገሩ አይዋልም እላለሁ። ስለዚህ በርታም ሆነ ጉሙዝ፣ ሺናሻም ሆነ ማኦና ኮሞ፣ ከሌላ አገር የመጣም ቢሆን፣ እርሳስ የለመደ እጅ ያለው ሁሉ አራት ሣጥን ሥሎ ለጋዜጣችን ይስጥ። ጓደኛው ሲያየው ይስቅና «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም!» ይላል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።