ሳጥኑ ከመገዛቱ በፊት ውሻውን ለኩት
(በአርብ ስብሰባችን ላይ የተነበበ)

ባለፈው ቡና ላይ ሆነን የውሻውን ነገር ሳወራችሁ ብዙዎቻችሁ ሳቃችሁ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። በኋላ ግን ሦስት እህቶች ለየብቻ መጥተው «እኔም ቤት ውሻ አለ፣ ማዳም ለሐምሌ ዕረፍት ይዘነው እንሄዳለን ብላለች፣ ምን ላድርግ?» አሉኝ። ስለዚህ ሰብሳቢያችን «ቁጭ ብለሽ ጻፊውና አንብቢልን» አለችኝ። እኔ እስከ አሥረኛ ክፍል ነው የተማርኩት፣ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ በራሴ የደረሰውንና ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ነው።

የወሎ ልጅ ነኝ። በግ አውቶቡስ ጣራ ላይ ታስሮ፣ ዶሮ እግሯን ታስራ በእጅ ተንጠልጥላ ስትሄድ እያየሁ ነው ያደግኩት። እንስሳ ለመንገድ ይለካል ብሎ ማን ያስባል? ሪያድ መጥቼ ግን ሰሉቂ የሚሉትን ቀጭን፣ እግረ ረጅም የአደን ውሻ ማብላትና ማጠብ ሥራዬ ሆነ።

ካቻምና ቤተሰቡ ወደ ውጭ ሊሄድ ሆነና ማዳም ሳጥን በስልኳ ልታዝዝ ሜትር ሰጥታኝ «ለኪው» አለች። ለካሁት። ከመሬት እስከ ጀርባው 64 ሳንቲ ሜትር። የአህያ ቁመት እስከ ጀርባው አይደል የሚታየው፣ እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ጽፌ ሰጠኋት፣ እሷም ቁጥሩን ብቻ አይታ አዘዘች። ሳጥኑ ሲመጣ ቆንጆ ነበር። ውሻውን ግን አንድም ቀን አስገብተን አላየነውም።

ኤርፖርት ካርጎው ጋ ስንደርስ ሠራተኛው «አስገቡትና ልየው» አለ። ገባ። አንገቱን አቀርቅሮ፣ ጆሮው ጣራውን እየነካ ቆመ። ሰውየው ራሱን ነቅንቆ «አይሄድም» አለ። ማዳም ለመነች፣ ባባ ስልክ ደወለ፣ ሰውየው እምቢ አለ። ቤተሰቡ በረረ፣ እኔና ውሻው ከሹፌሩ ጋር በሌሊት ወደ ቤት ተመለስን። ማዳም አልጮኸችብኝም። ግን የሳጥኑን ዋጋ ከደሞዜ ቆረጠች። ያን ወር ለእናቴ የላክሁት ግማሹን ነው። ለምን እንዳነሰ ስትጠይቀኝ «ታምሜ ነበር» አልኳት፤ ውሻ ነው ብል ማን ያምነኛል! ጥፋቱ የኔም ነበረ፣ የማዳምም ነበረ። የከፈልኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ውሻውን ለክትባት ስወስደው ሐኪሙን ጠየቅሁት። ሱዳናዊ ነው፣ ትዕግሥተኛ ሰው። አየር መንገዶች የሚከተሉት አንድ ሕግ አለ፤ የሚያወጣው የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር ነው። በአጭሩ አያታ ይባላል። እኔ እንዳልረሳው «አያቴ» ብዬ ነው የያዝኩት። አያቴ ውሻው አራት ቦታ ይለካ ይላል። ውሻው ቀጥ ብሎ፣ ራሱን እንደ ልማዱ ቀና አድርጎ መቆም አለበት። ተኝቶ ወይ ተቀምጦ አይለካም።

መጀመሪያ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጭራው ሥር። ጭራው ራሱ አይቆጠርም። የኔው ውሻ 92 ሆነ። ሁለተኛ ከመሬት እስከ ፊት እግሩ ክርን፣ 36። ሦስተኛ ትከሻው ሰፊ የሆነበት ቦታ ወርዱ፣ 19። አራተኛው የኔን ደሞዝ የበላው ነው፦ ከመሬት እስከ ራሱ አናት፣ ጆሮው የሚቆም ከሆነ ደግሞ እስከ ጆሮው ጫፍ፤ ከፍ ያለው ነው የሚያዘው። 78 ወጣ። እኔ 64 ብዬ ነበር!

አሁን ሒሳቡ። የሳጥኑ ርዝመት የውሻው ርዝመትና የክርኑ ግማሽ ተደምሮ ነው፤ 92 እና 18፣ 110። ወርዱ የትከሻው እጥፍ ነው፣ 38። ከፍታው 78 ሆኖ ከሥሩ የሚነጠፈው ይጨመርበታል፤ 3 ሳንቲ ሜትር ብታነጥፉ 81። ይህ ሁሉ ትንሹ ነው፣ ከዚህ ቢሰፋ እንጂ አይጠብብም። አፍንጫቸው ድፍጥጥ ያለ ውሾች ደግሞ አሉ፣ ቡልዶግ፣ ፐግ፣ ሺ ትዙ። እነሱ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው በየልኩ አሥር በመቶ ይጨመርላቸዋል፤ 50 የነበረው 55 ይሆናል። እንዲህ ያለውን ውሻ ጭራሽ የማይቀበሉ አየር መንገዶችም ስላሉ ማዳም ትኬት ሳትቆርጥ ትጠይቅ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሱቅ ላይ የሚጻፈው ልክ ብዙ ጊዜ የውጭው ነው። ውስጡ ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ «የውስጡ ስንት ነው?» ብላችሁ አስጠይቁ። «ኤል ነው፣ ኤክስ ኤል ነው» የሚለውን አትመኑ፣ የአንዱ ፋብሪካ ኤል ከሌላው አይገጥምም። ልክ እንደ አባያ ነው።

ስለ ሳጥኑ ሥራ ብዙ አልልም። ጠንካራ ፕላስቲክ ይሁን፣ በሩ የብረት ይሁን፣ ላይና ታቹ በፕላስቲክ ማያያዣ ሳይሆን በብረት ብሎን ይታሰር። እንደ ወፍ ጎጆ በሽቦ የተሠራውና የሚታጠፈው ለቤት ነው፣ ካርጎ አይቀበለውም። አየር በአራቱም ጎን መግባት አለበት፣ ቀዳዳው ግን አፍንጫም እግርም የማያሳልፍ ይሁን። ጎማ ካለው ይነቀል። የውሃው ሳህን በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ከውጭ የሚሞላ መሆን አለበት። እኔ ውሃውን ፍሪዘር ውስጥ አድርጌ በረዶ አደርገዋለሁ፣ ሲጭኑት አይደፋም፣ ቀስ እያለ ይቀልጣል።

የሪያድን ሙቀት ለእናንተ አልነግራችሁም። በሐምሌ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በዚህ ወቅት እንስሳ የማይጭኑ አየር መንገዶች አሉ። ማዳም የቀን በረራ ካለች «ሌሊት ይሻለዋል» በሏት፣ ለውሻው ብላ ትሰማችኋለች። (ለእኛ ብላ ባትሰማም።) በነገራችን ላይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለጭልፊት ፓስፖርት ይሰጠዋል። ይህን የሰማሁ ቀን የኔ ፓስፖርት የማዳም ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር።

ሳጥኑ ከጉዞው ሳምንታት ቀድሞ ይገዛ። በሩን ከፍታችሁ ሳሎን ጥግ አስቀምጡት፣ ምግቡን እዚያ ውስጥ ስጡት፣ የለመደውን ጨርቅ አንጥፉለት። በግድ አትግፉት፤ የፈራ ውሻ ይነክሳል። ከነከሳችሁ በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ታጠቡና «ትንሽ ናት» ሳትሉ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ በሉ። ሙስሊም እህቶቼ፣ ምራቁ እንዳይነካችሁ ጓንት ግዙልን ማለት ነውር የለውም፣ እኔ ክርስቲያኗም ጠይቄ ተገዝቶልኛል። ማዳም «እንዲተኛ ይህን ክኒን ስጪው» ካለቻችሁ አትስጡት። የሚያስተኛ መድኃኒት ለበረራ አይመከርም፣ አየር ላይ ትንፋሹን ሊያውክበት ይችላል። «ሐኪሙ ይንገረኝ» በሉ። ውሻው አንድ ነገር ቢሆን ክኒኑን የሰጠች እጅ ነው የሚጠየቀው።

እኔን ያዳነኝ ነገር ግን ሌላ ነው። ሁለተኛውን ጊዜ ስለካ ሜትሩ ውሻው ላይ እንዳለ አራቱንም ፎቶ አነሳሁ። ቁጥሮቹን ጽፌ ለማዳም በዋትስአፕ ላክሁላት፣ «የውስጥ ልክ ነው፣ ከዚህ አይነስ» ብዬ በአረብኛ በድምፅ ጨመርኩበት። እሷ «ተማም» ብላ መለሰች። ያቺን «ተማም» እስከ ዛሬ አላጠፋኋትም። ሳጥኑ የመጣ ቀን ውሻውን አስገብቼ ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተኝቶ ቪዲዮ ቀረጽኩና እሱንም ላክሁ። ካርጎው ላይ ሠራተኛው አንዴ አየና አሳለፈው። ወረቀቱን ማለትም ክትባቱንና ፈቃዱን የምትጨርሰው ማዳም ናት። ማንበብ የማትችሉት ወረቀት ላይ ፈርሙ ካሏችሁ ግን መጀመሪያ ደውሉላት።

ሜትሬን ይዤ መጥቻለሁ፣ እዚያ ቡናው ጠረጴዛ ላይ ነው። ውሻ ያለባት ትውሰደው፣ በሚቀጥለው አርብ ግን ትመልስልኝ። መደመሩ የከበዳት ቁጥሯን ይዛ ትምጣ፣ አብረን እንደምረዋለን።