ከሰሊጥ እርሻ ይዘውት የሚመለሱት ትኩሳት



ከጣራ ገዳም ግርጌም ሆነ ከወረታ ሜዳ፣ ወጣቱ በየዓመቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል። የሚያድረው ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር፣ በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር አጠገብ ነው። እዚያ ከወባ ትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ አለች። ድምፅ የላትም። ማታ እየነከሰች ካላዛር የሚባለውን በሽታ ከሰው ወደ ሰው ታስተላልፋለች።

በ1997 ዓ.ም. ይኸው በሽታ ሊቦ ከምከም ውስጥ መኖሩ ታወቀ። ከዚያ በፊት ወባ ነው እየተባለ ብዙ ሰው አልቋል። ሁመራን ያልረገጡ ሕፃናትም ታመዋል። የወቅት ሠራተኞች ሳያውቁት ይዘውት እንደመጡ ይገመታል። እነሱን መውቀስ ግን አይገባም፤ የሄዱት እንጀራ ፍለጋ ነው። ይልቅስ የሰሊጡን ኩንታል የሚቆጥረው ባለ እርሻ፣ ለሠራተኛው አጎበር ቢቆጥርለት ምን ነበረበት?

ምልክቱን ልንገራችሁ። ትኩሳቱ ከ2 ሳምንት ያልፋል። ሰውነት ይከሳል። በግራ ጎን ከጎድን በታች ጣፊያ ያብጣል። ሆድን በጋለ ብረት መተኮስ ቁስል ይጨምራል እንጂ አያድንም። ካልታከሙት ይገድላል፤ በጊዜ ከታከሙት ይድናል። መርፌው የብዙ ቀን ስለሆነ፣ ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ አደጋ አለው።

ልጃችሁ ከቆላ ተመልሶ ትኩሳት ከያዘው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በሽታው ከወራት በኋላም ሊነሣ ይችላልና፣ «ከመጣ ቆይቷል» ብላችሁ አትተዉት። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም «ሁመራ ሠርቶ ነው የመጣው» ብላችሁ ንገሩት።