የመጨረሻው ገጽ

ደራሲን «መነሻህ ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው። ጋዜጠኛው ጆርጅ ፕሊምፕተን ግን አሜሪካዊውን ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይን ስንት ጊዜ እንደሚያርም ጭምር ጠየቀው። ቃለ ምልልሱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 «ዘ ፓሪስ ሪቪው» መጽሔት ላይ ወጣ።

ሄሚንግዌይ በ1929 የታተመውን «ኤ ፌርዌል ቱ አርምስ» የተሰኘ ልብ ወለዱን የመጨረሻ ገጽ 39 ጊዜ እንደገና መጻፉን ተናገረ። ፕሊምፕተን በዚህ አላበቃም፤ ምን እንዳስቸገረው ጠየቀ። ችግሩ ትክክለኞቹን ቃላት ማግኘት ነበር። እኔ የምወደው ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ነው፤ የደራሲውን ድካም ያወጣው እሱ ነውና።

ልብ ወለዱ በ2012 ከረቂቆቹ ጋር ሲታተም 47 ፍጻሜዎች ቀረቡ፤ አንዳንዶቹ ባለ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ሌሎቹ ባለ ብዙ አንቀጽ ናቸው።