የከሰል ምድጃና የተዘጋ ቤት

በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የምናገረው ስለ ቤታችን አየር ነው። «አየር ደግሞ ምን ያስወራል?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እድራችንን በቀጥታ የሚነካ ስለሆነ ጥቂት ታገሡኝ።

ክረምት በገባ ቁጥር «እገሌን ከሰል መታው» ሲባል እንሰማለን። ማታ ደህና የነበረ ሰው ጠዋት በር ተሰብሮ ይወጣል። ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ከሰል በቂ አየር አግኝቶ ካልነደደ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ መልክ የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓይን አያቃጥል። ስንተነፍሰው ደማችን ውስጥ ገብቶ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ነው። እንግዲህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል ማለት ነው። ተኝቶ ከሆነማ ሳይነቃ ይቀራል።

ብዙዎቻችን የምንታለለው እዚህ ላይ ነው። ከሰሉን ደጅ እናቀጣጥላለን፤ ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ «አሁን ምንም አይልም» ብለን እናስገባለን። ደጅ ማቀጣጠሉ ደግ ነው፣ ዓይንንና ደረትን ያሳርፋል። መርዙ ግን ከጭሱ ጋር አልሄደም እኮ! ከፍሙ ይወጣል፤ ፍሙ አመድ ለብሶ ረመጥ ከሆነ በኋላም መውጣቱን አያቆምም። ላቀች የምንለው ምድጃም ቢሆን ከሰል ይቆጥባል እንጂ መርዙን አያስቀርም።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ነው። ይህን ጉንፋን ነው፣ ድካም ነው እያልን እናልፈዋለን። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸውና ደጅ ሲወጡ ከተሻላቸው ግን ምድጃውን ጠርጥሩ። የተመታ ሰው ስታገኙ በርና መስኮት ከፍታችሁ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር አውጡትና ጤና ጣቢያ አድርሱት። ወተት አጠጡት፣ ሎሚ አሽትቱት የሚሉ አሉ። የለም፣ ጋዙን ከደም የሚያስለቅቀው ኦክሲጅን ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ወተት ማጠጣትማ ትን ብሎት ሌላ አደጋ ያመጣል።

ስለ አራስ ቤት ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ምች ይመታታል፣ ብርድ ይገባታል እየተባለ መስኮቱ በጨርቅ ይወተፋል፣ የበሩ ሥር በከረጢት ይደፈናል፣ ከዚያ ምድጃው አልጋው ሥር ይቀመጣል። ለእናቲቱና ለጨቅላው አስበን ነው፣ ክፋት የለበትም። ግን በዚያ ቤት ውስጥ ከሁሉ ደካማው ያ ሕፃን ነው። ብርድ ልብስ ይጨመር፣ ምድጃው ይውጣ። መብራት ጠፍቶ ለወጥ የግድ ከሰል ካስፈለገም በረንዳ ላይ ይሠራ። ቡናም የሚፈላ ከሆነ በርና መስኮት ተከፍቶ ይሁን፤ ሲያልቅ ፍሙ ደጅ ወጥቶ በውኃ ይጥፋ።

የማገዶው ጭስ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚጎዳ ነው። በኩበትና በቅጠል ጭስ የጠቆረ የማድቤት ጣሪያ ካያችሁ፣ የእናቶቻችንም ሳንባ ያንኑ ሲስብ ኖሯል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ከቤት ውስጥ የአየር ብክለት የተነሣ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው መሞቱን ገምቷል። የቻለ ምርጥ ምጣድ ያስተክል፣ ማገዶም ይቀንሳል። ያልቻለ ጣሪያው ሥር ጭስ መውጫ ይክፈት፣ ሕፃን ያዘለችም እሳት ዳር አትቁም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልምጣ። ለቅሶ ቤት ስናድር ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ሌሊቱ ሲበርድ የድንኳኑ መጋረጃ ዙሪያውን ይታሰራል፣ በላዩ ላስቲክ ይደረባል፣ መካከሉ ላይ ሁለት ሦስት ምድጃ ይገባል። ሐዘንተኛው ውስጥ ክፍል ተኝቶም አንድ ምድጃ ይቀመጥለታል። ኧረ በአንድ ሞት ላይ ሌላ ልንጨምር ነው!

ስለዚህ ጉባኤው ሦስት ነገር ወስኖ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ። ሰው በሚተኛበት ክፍል የከሰል ምድጃ እንዳይገባ፤ ድንኳን ውስጥ ከተነደደ ደግሞ በሁለት ፊት ለፊት ወገን መጋረጃው እንዲከፈት፤ በየሌሊቱ ተረኛ ከሆኑት አባላት አንዱ ምድጃዎቹን የማውጣት ኃላፊነት እንዲሰጠው። ለብርዱ የሚሆን 20 ብርድ ልብስ ከእቃ ግዢው ሒሳብ ቢገዛና ከወንበሩና ከድስቱ ጋር በንብረት ክፍላችን ቢቀመጥ ይበቃናል።