ከልጆቼ ጋር በሙዚየም



ባለቤቴ ወደ ሥራዋ ስትመለስ እኔ ቤት ቀርቼ ሁለቱን ልጆቻችንን መያዝ ከጀመርሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሐሙስ ሐሙስ ይዣቸው እወጣለሁ። ደጋግመው የሚመርጡት አምስት ኪሎ የሚገኘውን ብሔራዊ ሙዚየም ነው፤ ድንቅነሽ አለችና።

በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረችው ድንቅነሽ ቁመቷ ከ1 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። የአምስት ዓመት ልጄ ይህን እንደ ሰማች ከቆመው ቅርጽ አጠገብ ሄዳ ተለካች። «እኩያዬ ናት! እናቷስ የት አለች?» አለችኝ። እኔ የጉልበቷ አጥንት ቀጥ ብላ ትራመድ እንደ ነበር እንዴት እንደሚያስረዳ ልተነትን ተዘጋጅቼ ነበር (መሐንዲስ ምን ጊዜም ወደ ምሰሶና ሸክም ያደላል)፤ የልጄ ጥያቄ ግን መልስ አሳጣኝ።

በዚህ መካከል እንግዶች ይዞ የመጣ አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ አገኘን።

«ፈቃድ ላይ ነህ?» አለኝ።

«አዎን» አልሁት።

ልጄ ቀና ብላ፣ «አባባ ፈቃድ የለውም፤ ሁልጊዜ ከእኛ ጋር ነው» አለችው።

ወዳጄ ሳቀ፤ እኔ ግን እስከ ቤታችን ድረስ ቀና ብዬ ልጄን ለማየት አፈርሁ። ዛሬ እርሱም በዚህ አዳራሽ ተቀምጦ ይሰማኛል። ያን ቀን ፈቃድ ላይ አልነበርሁም።