ከኢንተርኔት ጠይቆ መልስ ስለ መቀበል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት ለሳይንስ ክበብ አባሎችና ለተጋበዙ እንግዶች የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ስለ ኮምፒዩተር ትምህርት ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ አስቀድሜ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የመረጥሁት ርእስ ጠባብ ነው፤ ይኸውም አንድ ጀማሪ ተማሪ በፓይተን ቋንቋ አጭር ፕሮግራም ጽፎ በኢንተርኔት ጥያቄ እንዴት እንደሚልክና የተመለሰለትን መልስ እንዴት እንደሚያነብ ነው። ርእሱ ጠባብ ቢሆንም ለመቱና ለአካባቢዋ ልጆች የሚሰጠው ጥቅም ጠባብ እንዳልሆነ ንግግሬን ስጨርስ ትፈርዳላችሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። አባቶቻችን ደብዳቤ ሲጽፉ «ይድረስ» ብለው የተቀባዩን ስም ያስቀድማሉ፤ ቀጥለው ሰላምታቸውን ያቀርባሉ፤ ከዚያም በኋላ ወደ ጉዳያቸው ይገባሉ። በስልክም ሆነ በኮምፒዩተር አንድ ገጽ በከፈትን ቍጥር የሚላከው ጥያቄ በሥርዓቱ ከዚህ አይርቅም። በመጀመሪያው መስመር ምን እንደምንፈልግ ይጻፋል፤ በሚቀጥሉት መስመሮች ጥያቄው ለማን እንደሚደርስ፥ በምን መሣሪያ እንደ ተላከና ምን ዓይነት መልስ እንደሚጠበቅ ይገለጻል፤ አስፈላጊ ሲሆንም ጉዳዩ ከሥር ይከተላል።

የዚህ ሥርዓት መሥራች እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ነው። በጄኔቫ አጠገብ ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሲሠራ ሳለ በ1989 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ለአለቆቹ በጽሑፍ አቀረበ። የመጀመሪያው ሥርዓት የሚያውቀው ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም «ጌት» የሚባለው ሲሆን በእኛ ቋንቋ «አምጣ» እንደ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ተጨምረዋል፤ ለጀማሪ ግን «ጌት» እና «ፖስት» ይበቃሉ። በጌት እናስመጣለን፤ በፖስት የሞላነውን ቅጽ ወይም ሌላ ነገር እንሰጣለን። በጌት የምንልከው ነገር ከአድራሻው ጋር ተያይዞ ስለሚጻፍና በየመዝገቡ ስለሚቀር፥ የምሥጢር ቃልን በዚህ መንገድ መላክ አይገባም።

ፓይተንን በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጊዶ ቫን ሮሰም የተባለ የሆላንድ ሰው ነው። ጥያቄ ለመላክ የሚያገለግል መሣሪያ ከቋንቋው ጋር አብሮ ይገኛል፤ ነገር ግን በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሪኩዌስትስ» የተባለው ተጨማሪ መሣሪያ ለጀማሪ ይቀላል። ፕሮግራሙ ከአምስት መስመር አይበልጥም። በመጀመሪያው መስመር «ኢምፖርት ሪኩዌስትስ» ብለን መሣሪያውን እናስጠራለን። በሁለተኛው «መልስ» የሚል ስም ጽፈን፥ ከእኩል ምልክት በኋላ «ሪኩዌስትስ ነጥብ ጌት» እንልና በቅንፍ ውስጥ አድራሻውን እናስቀምጣለን። በሦስተኛው የመልሱን ቍጥር እናሳያለን። በቀሩት ሁለት መስመሮች ቍጥሩ 200 የሆነ እንደ ሆነ የመልሱን ጽሑፍ እናወጣለን። ትእዛዞቹ በላቲን ፊደል መጻፍ አለባቸው፤ «መልስ» የሚለውን ስም ግን በገዛ ፊደላችን ብንጽፈው በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓይተን 3 ያለ ችግር ይቀበለዋል።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ እንድታስቡበት ወደምፈልገው ነገር እመጣለሁ፤ ይህም የመልሱ ቍጥር ነው። 200 ማለት የተጠየቀው ተገኝቶ ተልኳል ማለት ነው። 404 ማለት መልክተኛው ከቤቱ ደርሷል፥ የጠየቀው ነገር ግን በዚያ አድራሻ አልተገኘም ማለት ነው። 429 ማለት ጥያቄ አበዛህ፥ ታገሥ ማለት ነው። 503 ማለት ባለቤቱ ለጊዜው ሊያስተናግድህ አልቻለም ማለት ነው። መሥመሩ ከተቋረጠ ግን ቍጥር የሚባል ነገር ከቶ አይመጣም፤ ፓይተን ራሱ የስሕተት መግለጫ አውጥቶ ፕሮግራሙን ያቆማል። ስለዚህ «የለም» የሚል መልስና «መልስ አልመጣም» የሚለው ነገር ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ይህ ልዩነት ለምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፥ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ይጠይቅ። በ2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናው ለአንዳንድ ተማሪዎች በወረቀት መሆኑ ቀርቶ በኮምፒዩተር ተሰጥቷል፤ ውጤትም በኢንተርኔት ይታያል። በዚያ ዓመት ለፈተና የተቀመጠው ተማሪ ከ6 መቶ ሺህ በላይ ነበር። ይህ ሁሉ ሕዝብ ከነወላጁና ከነወንድሙ በአንድ ሌሊት አንዱን በር ቢያንኳኳ፥ በሩ ቢጨናነቅ ምን ያስደንቃል? በዚያች ሰዓት ገጹ አልከፈት ያለው ልጅ ሥርዓቱን የማያውቅ እንደ ሆነ ስሜ ጠፋ፥ ወደቅሁ ብሎ ራሱን ያስጨንቃል፤ ሥርዓቱን የሚያውቅ ግን 503 የሚለውን ቍጥር አይቶ የተጨናነቀው መንገዱ እንጂ የተፈረደበት እርሱ እንዳልሆነ ይረዳል፤ ቤተ ሰቡንም ያረጋጋል። ወዳጆቼ፥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ምክሬ ስለ ትዕግሥት ልክ ነው። ሪኩዌስትስ የትዕግሥት ጊዜ ካልተወሰነለት መልስ እስኪመጣ ያለ ገደብ ሊጠብቅ ይችላል። ኔትወርክ በሚደክምበት አካባቢ ለሚኖር ሰው ይህ ደግ አይደለም። ስለዚህ በቅንፉ ውስጥ ከአድራሻው ቀጥሎ «ታይምአውት እኩል ይሆናል 10» ብሎ መጨመር ይገባል፤ መሥመሩ 10 ሰኮንድ ዝም ካለ ፕሮግራሙ ተስፋ ቈርጦ ይነግረናል።

ሦስተኛው ስለ ፊደላችን ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። «ሶር» ብለን የወንዛችንን ስም ስንጽፍ ለዓይን 2 ፊደል ነው፤ ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ ግን እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚፈጅ 6 ባይት ይሆናል። በአድራሻ ውስጥ ሲገባ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በ3 ምልክት ስለሚተካ 18 ምልክት ይሆናል። የቁቤ ፊደል በአንጻሩ እያንዳንዱ 1 ባይት ብቻ ይፈጃል። ይህን ልውውጥ ሪኩዌስትስ ራሱ ያከናውናል፤ ተማሪው ግን በአድራሻው ላይ የመቶኛ ምልክት ተደርድሮ ቢያይ ስሙ ተበላሸ ብሎ መደንገጥ የለበትም።

እንግዲህ ትምህርቱን በሥራ ላይ እናውለው። በአገራችን ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ድንገተኛ ዝናብ ከመታው ይሻግታል፥ ዋጋውም ይወድቃል፤ የአንድ ዓመት ድካምና የልጆች የትምህርት ገንዘብ አብሮ ይጎዳል። ኦፕን ሜቴዎ የተባለው የአየር ጠባይ አገልግሎት ለንግድ ላልሆነ ሥራ ያለ ክፍያና ያለ ምዝገባ ጥያቄ ይቀበላል። የመቱን ቦታ፥ ማለት ኬክሮሷን 8.3፥ ኬንትሮሷን 35.6 ብለን፥ የየቀኑን የዝናብ መጠን ብንጠይቅ፥ ጄሰን በተባለው አጻጻፍ የቀኖችንና የዝናቡን ሚሊሜትር ዝርዝር ይልክልናል። ቀኑ በፈረንጆች አቈጣጠር ስለሚመጣ ወደ እኛ መመለስ የተማሪው ፈንታ ነው። ይህም በስሌት የተገኘ ግምት ስለ ሆነ፥ ሰማዩን አይቶ የሚፈርደውን የገበሬውን ልምድ አይሽርም፤ ከእርሱ ጋር ሲተባበር ግን ሸራውን በጊዜ ለማልበስ ይረዳል።

በመጨረሻም ጨዋነትን አደራ እላለሁ። ፕሮግራም አይደክመውም፤ በአንድ ደቂቃ ሺህ ጊዜ በር ሊያንኳኳ ይችላል። የሰው ቤት ሲንኳኳ እረፍት እንደሚሰጥ፥ በጥያቄና በጥያቄ መካከል ዕረፍት መስጠት፥ የተገኘውንም መልስ አስቀምጦ ደግሞ አለመጠየቅ ይገባል። ያልተፈቀደልንን የሌላ ሰው ጽሑፍና ውጤት ለማውጣት መሞከር ደግሞ ዕውቀት ሳይሆን ሌብነት ነው።

ውድ ጓደኞቼ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በአገራችን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ሲጀመር ትምህርቱ በነጻ እንዲሰጥ ተወስኗል። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥያቄያችን ግን መንገዱ ካልተዘጋበት ከሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል። ስለዚህ ርቀት ምክንያት አይሁነን። ዛሬ ማታ አምስቱን መስመር ጻፉ፤ የመጣውን ቍጥር አንብቡ፤ 200 ካልሆነም ለምን ብላችሁ መርምሩ።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንንና መምህራኖቻችንን ይባርክ።