በኮምፒዩተር ስለሚሣል የአገር ወሰንና የባሕር ዳርቻ



ቀድሞ ካርታ በሌላ ሰው እጅ ተሠርቶ፥ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታይ ነገር ነበረ። ዛሬ ግን ኮምፒዩተር ያገኘ መምህር የአገርን ወሰንና የባሕርን ዳርቻ በጥቂት ደቂቃ ሥሎ ለተማሪዎቹ ያድላል። ነገሩ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን በቀላሉ የሚሠራ ሥራ ጥንቃቄን ያስረሳልና፥ ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት ቃል ልናገር ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ አሠራሩን እንወቅ። የካርታ ሶፍትዌር ምድርን አያይም፤ የሚሠራው ከፋይል ነው። በፋይሉ ውስጥ የእልፍ ነጥቦች ኬክሮስና ኬንትሮስ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ሶፍትዌሩም ነጥቦቹን በተራ እያያያዘ መስመር ያወጣል። እንግዲህ ሶፍትዌር እንደ ቁም ጸሐፊ ነው ማለት ነው። የሚገለበጠው መጽሐፍ ግድፈት ቢኖርበት፥ እጁ የተዋበ ጸሐፊ ግድፈቱን አሳምሮ ይጽፈዋል እንጂ አያርመውም።

ፖል ዌስልና ዋልተር ስሚዝ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1988 ለሥራ ያቀረቡት ጂኤምቲ የተባለ ሶፍትዌር አለ፤ ያለ ዋጋ ይገኛል። ይህ ሶፍትዌር የሚጠቀምበት የባሕር ዳርቻ ፋይል በአምስት ደረጃ የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ሙሉና ደቃቅ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው እያንዳንዱ ደረጃ ግን ከበላዩ ካለው ከመቶ ሰማንያ ያህሉ ተቀንሶለታል። ዓለምን በአንድ ገጽ ለሚሥል ሰው ሻካራው ይበቃዋል፤ አንድ አውራጃን ለሚሥል ግን አይበቃውም።

ይህን ባለማስተዋል እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የትምህርት ጽሑፍ የጣናን ሐይቅ ካርታ ሣልሁ፤ ሥራው እንዲፈጥንልኝ ብዬም ሻካራውን ፋይል መረጥሁ። ካርታውም አማረ። በጣና ደሴት የተማሩ አንድ ሽማግሌ ካርታውን ተቀብለው ብዙ ጊዜ ከተመለከቱት በኋላ፥ «ልጄ፥ ደቅን ምን አድርገህ አሰጠምኸው? ናርጋ ሥላሴስ በውሃ ላይ ተንሳፈፈችን?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ከጣና ደሴቶች ሁሉ የሚበልጠው ደቅ በካርታዬ ላይ አልነበረም። መስመሩ ጥርት ብሎ ስለ ታየኝ እውነት መሰለኝ፤ አፈርሁም።

ደግሞም የዳርቻ ርዝመት እንደ መለኪያው ይለያያል። በረጅም ገመድ የሚለካ ሰው ወሽመጡንና ስርጓጉጡን እየዘለለ ይሄዳል፤ በአጭር በትር የሚለካ ግን ወደ እያንዳንዱ ይገባልና ቁጥሩ ይበዛበታል። ሉዊስ ሪቻርድሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ የአገሮችን መዛግብት ሲያስተያይ፥ እስፓኝና ፖርቱጋል የሚዋሰኑበትን አንዱን መስመር አንደኛዋ 987፥ ሁለተኛዋ 1214 ኪሎ ሜትር ብለው መዝግበው አገኘ። ስለዚህ ለተማሪ የዳርቻን ርዝመት ስንነግረው፥ በምን ያህል መለኪያ እንደ ተለካ መጨመር ይገባናል።

የወሰን ነገር ግን ከዚህ ይከብዳል። የባሕርን ዳርቻ ከሰማይ በተነሣ ሥዕል ማየት ይቻላል፤ ወሰን ግን በሰነድና በስምምነት የሚኖር ስለ ሆነ በአብዛኛው በዓይን አይታይም። ደግሞ ይለወጣል። ከ1993 በፊት የተዘጋጀ ፋይል ኢትዮጵያን እስከ ቀይ ባሕር ያደርሳታል፤ በዚያ ዓመት ግን ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የሌላት አገር ሆናለች። ከ2011 በፊት የተዘጋጀውም ደቡብ ሱዳንን አያውቃትም።

የኢትዮጵያንና የኤርትራን ወሰን ተመልከቱ። የወሰን ኮሚሽኑ የ1900፥ የ1902ና የ1908 ውሎችን መርምሮ በ2002 ውሳኔ ሰጠ። ምልክቱን በምድር ላይ የመትከሉ ሥራ ስለ ተሰናከለ ግን፥ በ2006 ወሰኑን በነጥቦች ቁጥር አመለከተ። ለዚህ መስመር ብዙ ደም ፈስሷል። ሶፍትዌሩ ግን ይህን አይናገርም፤ ያከራከረውንም ያላከራከረውንም በአንድ ቀለምና በአንድ ውፍረት ያወጣዋል። ናቹራል ኧርዝ የተባለው የፋይል ስብስብም ወሰንን በመሠረቱ የሚሥለው መሬቱን በተግባር በያዘው መንግሥት መሠረት ነው፤ እንዲህ ያለው መስመር ማን እንደ ያዘ ያሳያል እንጂ ለማን እንደሚገባ አይፈርድም።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ ካርታ ከማደላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ፋይሉ ከማን ተገኘ? በስንት ዓመት ተዘጋጀ? ለምን ያህል ስፋት ተሠራ? መልሱንም ከካርታው በታች ጻፉት። ያከራከረው ወሰን በተቈራረጠ መስመር ይሣል።

እናንተም ሽማግሎች፥ ካርታው ሲቀርብላችሁ ወንዙንና ደሴቱን፥ ገበያውንና ደብሩን እየፈለጋችሁ መርምሩ፤ የጐደለውንም ሳታፍሩ ተናገሩ። ሕፃን በትምህርት ቤት ያየውን መስመር እስኪሸመግል ድረስ እንደ እውነት ይዞት ይኖራል፤ በጐረቤቱም ላይ የሚቈጣው ወይም የሚታገሠው በዚያው መስመር ነው። የእኔን ካርታ ያረመው ኮምፒዩተር አልነበረም፤ አገሩን በእግሩ ያወቀ ሽማግሌ ነበረ።